ክቡር ካርመኑ ያመሰገኑት ቤት

የኪራይ ቤት በተወደደበት ከተማ ሁሉ፣ ቤት ለማየት ከሚሰለፈው ሰው መካከል አንድ ቤት ነቃፊ አይጠፋም። ሰልፉ አሥር ሰው ይሁን ስልሳ፣ ዝናብ ይሁን ሐሩር፣ ነቃፊው አለ። ቤቱን ሊከራይ ነው የመጣው፤ ነገር ግን ስለ ቤቱ አንድ ደግ ቃል ከአፉ አይወጣም። ሌላው ከተማ ተራ ነቃፊ ይኖረው ይሆናል። ለእኛ ለሲድኒ ምዕራብ ሰፈሮች ግን የተሰጡን ክቡር ካርመኑ ናቸው።

ክቡር ካርመኑ የማልታ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው በመርከብ መጥተው፣ ዕድሜያቸውን በብላክታውን አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ ወጥተዋል። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም ነው። ቅዳሜ ጠዋት ደላላዋ ቁልፉን ይዛ ሳትደርስ እሳቸው ደጁ ላይ ይቆማሉ። እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምራሉ፤ አፍንጫቸውን ወደ ላይ አንስተው ያሸታሉ። ከዚያ ፍርድ ይሰጣል።

«ሻጋታ! እኔ ብሆን ውሻዬን አላሳድርበትም!»

ውሻ የላቸውም።

ወለሉ እንጨት ከሆነ፣ «ይሄ ይጮኻል፤ ሌሊት ሽንት ቤት በሄዳችሁ ቁጥር ሰፈሩ ያውቃል» ይላሉ። ሐዲድ አጠገብ ከሆነ፣ «ባቡሩ የሚያልፈው በመኝታ ቤቱ ነው፤ ትኬት ቆርጣችሁ ተኙ።» ግድግዳው አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ «አዲስ ቀለም የሚቀባ ሰው የሚደብቀው አለው።» ቀለሙ ያረጀ ከሆነ ደግሞ፣ «ቀለም መቀባት ያቃተው አከራይ ቧንቧ ይጠግንላችኋል?» ክቡርነታቸው የማይነቅፉት ቤት ገና አልተሠራም።

እኔ ወደዚያ ሰልፍ የገባሁት የተከራየነው ቤት ተሽጦ፣ ከፋሲካ በፊት ልቀቁ ስለተባልን ነው። ቶንጋን ትቼ ከመጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ የምኖረው ከልጄ ከቫይኦላና ከአራት ልጆቿ ጋር ነው። ቤት ካልተገኘ ቫይኦላ ልጆቿን ይዛ ብሪዝበን ወንድሟ ዘንድ ትገባለች፤ እሱ ያለው አንድ ትርፍ ክፍል ነው። ለእኔ ደግሞ ኦክላንድ ያለችው እህቴ ሶፋ አዘጋጅታልኛለች። በእኔና በልጅ ልጆቼ መካከል ባሕር ሊገባ ነበር።

መጀመሪያ ቀን ክቡር ካርመኑን አመንኳቸው። ሰፊ በረንዳ ያለው ቤት ነበር።

«እትዬ፣ ይሸትዎታል?» አሉኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው። «ጋዝ ነው።»

የቫይኦላን እጅጌ ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኳት።

«እማዬ፣ የጎረቤት ሽንኩርት ነው እኮ የሸተተሽ!» ብትለኝ አልሰማሁም። ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ዘወር ስል ሰው ሁሉ እየተጋፋ ይገባል። ፊት ፊት የሚሄዱት ክቡር ካርመኑ ናቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሮሻን የምትባል አፍጋናዊት ነርስ ሳቀችብኝ።

«እማማ፣ አዲስ ነዎት አይደል? ሰውዬው ዝም ያሉበትን ቤት ይተዉት። የሰደቡት ቤት ውስጥ ግን ሮጠው ይግቡ። ውሻቸውን ከጠሩማ ጫማዎን እንኳ ለማውለቅ አይቁሙ!»

እውነቷን ነበር። እሳቸው «ሻጋታ» ሲሉ ሰልፉ የኪራይ ማመልከቻውን ከቦርሳው ያወጣል። በእርግጥ የማይረባ ቤት ሲያጋጥም ግን ክቡርነታቸው የሚሉት ያጣሉ፤ አንዴ አይተው ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ያዘግማሉ፤ ሰዉም ተከትሏቸው ይበተናል። ደላላዋ ብሪአና፣ ያቺ ባለ ረጅም ጥፍሯ ልጅ፣ «ሚስተር ካርመኑ አልመጡም እንዴ? ትንሽ እንጠብቃቸው» ማለት ጀምራ ነበር። ደመወዝ ልትቆርጥላቸው ይገባ ነበር።

ይህን የማያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሰው እያስፈራሩ ይመስላቸዋል። በየሳምንቱ በሕዝቡ ድፍረት ይደነቃሉ። «ይሄን ሰው ምን ነካው? በጋዝ መታፈን አምሮት ነው?»

ቤት ግን አይሰጧቸውም። ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ከኋላቸው ሁልጊዜ ሁለት ደመወዝ ያላቸው ባልና ሚስት አሉ። እኛም «አራት ልጆች» ስንል የደላሎቹ ፈገግታ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸውና እኔ መጨረሻችን አንድ ፌርማታ ነበር። አይብ የተሞላ የአገራቸውን መክሰስ፣ ፓስቲዚ፣ በወረቀት ጠቅልለው ያመጣሉ፤ ግማሹን ለእኔ ይቆርሳሉ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ የሴት ልጃቸው ጋራዥ ውስጥ፣ ከሚስታቸው የሸክላ ዕቃ ቁምሳጥን ጋር እንደሚያድሩ የነገሩኝ እዚያ ነው። አማቻቸው ጀልባ ገዝቷል። በዚህ ከተማ ጀልባም መኖሪያ ትፈልጋለች።

ማስታወቂያ ማንበብም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ፊደል የተማርኩት በስተርጅና፣ ከመጀመሪያዋ የልጅ ልጄ ጋር ስለሆነ፣ የተጻፈ ሁሉ እውነት ይመስለኛል።

«‹ምቹ› ይላል» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እትዬ፣ ምቹ ማለት እኮ ከአልጋ ሳይነሱ እንቁላል ይጠበስበታል ማለት ነው።»

ሳቅሁና አሳዘኑኝ። እንዲህ ያለ ሰው መሣቂያ ሲሆን ዝም ማለት ከበደኝ።

«ካርመኑ፣ አንድ ነገር ብነግርዎት ይቆጣሉ?»

«እቆጣለሁ። ይንገሩኝ።»

«ሰው የሚሻማው እርስዎ የሰደቡትን ቤት ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«እርስዎ ከሰደቡት ጥሩ ቤት ነው ማለት ነው እንላለን። ዝም ካሉ እንሄዳለን።»

ማኘካቸውን አቆሙ። አውቶቡሱ መጣ፤ ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ የነዱት ሰው ቀና ብለው እንኳ አላዩትም፤ አለፈን።

«ሁሉም ያውቃል?»

«ብሪአና ሳትቀር።»

«ያቺ ጥፍራም!» አሉና የተረፈውን ፓስቲዚ መልሰው በወረቀቱ ጠቀለሉት። ከዚያ፣ «እኔ የምሰድበው እነሱን ለማስፈራራት ብቻ አይደለም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቤቱን እንዲያ ካልኩት፣ ማታ ስገባ ጋራዡ ይሻለኛል።»

ይህን ሲናገሩ ፊታቸውን አላየሁም፤ አለማየት ይገባ ነበር።

«የእርስዎስ ነገር? ፋሲካ ደረሰ እኮ» አሉኝ። ስለ ብሪዝበንና ስለ ሶፋው ነገርኳቸው።

«ሶፋ ወገብ ይጎዳል» አሉ።

ፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ከባቡር ጣቢያው ኋላ አንድ አሮጌ ቤት ለኪራይ ወጣ። ሦስት ክፍል፣ ከጓሮ በኩል አንዲት ትንሽ ክፍል፣ ግቢው መካከል የሚሽከረከር የልብስ ማስጫ። ኪራዩም የቫይኦላ ደመወዝ የሚችለው ነበር። ሰልፉ ግን ጥግ ድረስ ሄዷል።

«እማዬ፣ እንመለስ» አለች ቫይኦላ። «ይሄን ሁሉ ሰው አልፈው እኛን ይመርጣሉ?»

ክቡር ካርመኑ የዚያን ቀን አላሸተቱም። ቃል ሳይናገሩ ገቡ። እኔም ተከትዬ ቤቱን ሳይ፣ በትንሿ ክፍል በር በኩል አየኋቸው። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። አንድ ክንድ አለፍ ብለው እንደገና ዘረጉ። እየለኩ ነበር። ሲጨርሱ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ እንዳደረጉ ቆዩ።

ሳልኩ።

«ምን ያያሉ?»

«ምንም።»

በመስኮቱ ወደ ግቢው ተመለከቱ። ትንሿ የልጅ ልጄ ሴላ ልብስ ማስጫው ላይ ተንጠልጥላ ትሽከረከራለች። አዩዋት፤ እኔንም አዩኝ። ከዚያ ኮታቸውን አስተካክለው ወደ ደጁ ወጡ።

«ወገኖቼ!» ሲሉ ተከትያቸው ደጁ ላይ ደረስኩ። «እንዴት ያለ ቤት ነው!»

ሰልፉ ወረቀቱን ወደ ቦርሳው መለሰ።

«ወለሉ እንደ ጠረጴዛ ነው! አየሩ ንጹሕ! እንዲህ ያለ ቧንቧ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም! ግቡ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ግቡ!»

አንድ ጫማዋን ያወለቀችው ሮሻን መልሳ አጠለቀችው። «እማማ፣ ሰምተዋል? አመሰገኑ እኮ!» አለችኝ ዓይኗ ፈጦ። «እዚህ ቤት ሰው ሞቷል።» አንዱ ጎንበስ ብሎ ከወለሉ ሥር ያያል። ሌላው ስልኩን አውጥቶ፣ «አትምጣ፣ ተመለስ፣ ሰውዬው ወዶታል» ይላል። ብሪአና ከደረጃው ላይ ጥፍሯን እያጋጨች፣ «ሚስተር ካርመኑ፣ ምን ሆነው ነው? እባክዎን፣ ትንሽ እንኳ ይስደቡት!» አለቻቸው።

«ምኑን ልስደበው? ቤተ መንግሥት ነው!» አሉና የበሩን እጀታ ሳሙት።

መጨረሻ ላይ የቀረነው ጥቂት ነበርን። ሰኞ ጠዋት ቫይኦላ ስልኩን ዘግታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ልጆቿ ያመማት መስሏቸው ከበቧት። ቤቱ ለእኛ ሆኗል።

የሄዱትም ቤት ያስፈልጋቸው እንደነበር አልረሳሁም። ለሮሻን እውነቱን ስነግራት አኮረፈችኝ፤ አልፈረድኩባትም። በክረምቱ እሷም አገኘች።

ክቡር ካርመኑ እንኳን ደስ አላችሁ ሊሉ መጡ። ወጥ ቤቱ መካከል ቆመው ቤቱን ዙሪያውን አዩ።

«መስኮቱ ወደ ምዕራብ ነው። በጥር ሙቀት ትጠበሳላችሁ።»

«ታዲያ ለምን አመሰገኑት?»

«ማን? እኔ?» በኮኮናት ወተት የሠራሁትን የጎደሬ ቅጠል ቀምሰው፣ «ኮኮናት ያንሰዋል» አሉና ሌላ ሳህን ደገሙ።

ጀልባዋ ጋራዥ በገባች ሳምንት ለእሳቸው የአልጋ ቦታ ብቻ ተርፎ፣ የሚስታቸው የሸክላ ዕቃ ቁምሳጥን ውጭ ሊያድር ሆነ። በዘመዳችን መኪና አምጥተን ትንሿ ክፍል ግድግዳ ላይ አቆምነው። ልክክ አለ። ግድግዳውን ስለ መለካታቸው ማናችንም አላነሳንም፤ እሁድ እሁድ ግን ጨርቅ ይዘው እየመጡ ይወለውሉታል።

እሳቸው አሁንም ቤት ይፈልጋሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያቸው እሄዳለሁ። አንዱን ይሰድባሉ፣ አንዱን ያመሰግናሉ፤ ሰልፉ ምኑን እንደሚያምን ጨንቆታል። ባለፈው አንድ አዲስ ወጣት ጠጋ አለኝ፤ እሳቸው ከፊት ስለ አንድ ጣሪያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይምላሉ።

«እማማ፣ ያ የሚጮኸው ሰውዬ የእርስዎ ነው?»

«አዎ፣ የእኔ ነው» አልኩት።