አንድ ማንኪያ የጎደለው ማርማላታ

የቤተሰብ ድርጅት ባለበት ሁሉ «እኔ ባልኖር ኖሮ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። በእናንተም ዘመድ ውስጥ አለ፤ ከሌለ ምናልባት እናንተው ናችሁ። የኛው ክቡር መሥራች ታላቅ ወንድሜ ነው። እኔ ወንድም ጋሼ እለዋለሁ። እሱ ደግሞ ሰባ ዓመት ያለፈኝን ሴትዮ እስከዛሬ «አንቺ ልጅ» ይለኛል።

ድርጅታችን ማርማላታ ይሠራል፣ በጠርሙስ ያሽጋል፣ በመኪና ያከፋፍላል። ታሪኩን ለማወቅ ፋብሪካው ድረስ መምጣት አያስፈልግም። ወንድም ጋሼ በሠርግም፣ በሐኪም ቤት ወረፋም፣ ፀጉር አስተካካዩ ፊቱን በአረፋ ሸፍኖትም ይተርከዋል። «በአንድ ድስት ነው የጀመርኩት» ይላል። በየዓመቱ ድስቱ ያንሳል፣ ተሸክሞት የሄደበት መንገድ ይረዝማል። እኔ የማስታውሰው ድስት ግን ሁለታችንም ብንገባበት የሚበቃን ነበር። እሱ ደጅ ለደጅ እየዞረ ሲሸጥ የማማስለው እኔ ነበርኩ፤ የተፈናጠረው ፍሬ ክንዴ ላይ የተወው ምልክት ዛሬም አለ። በትረካው ውስጥ ግን ማማሰያው ብቻውን ነው የሚዞረው።

ዕድሜው ሲገፋ ሥራውን ለሴት ልጁ አስረከበ። አስረከበ ስል ቢሮውን ነው። ወንበሩንማ አንስቶ ግቢው በር ላይ ተቀመጠ። ጭነት ይዞ የሚወጣ መኪና ሁሉ ይቆማል፤ አንድ ጠርሙስ ይወርዳል፤ ክቡርነታቸው ከደረት ኪሳቸው ማንኪያ ያወጣሉ። ቀምሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሾፌሩ ሞተር አጥፍቶ ከተቁነጠነጠ በኋላ «ይለፍ» ይላሉ።

የተከፈተ ጠርሙስ ደግሞ አይሸጥም፤ ለዘመድ ይታደላል። የማንኛችንም ማድ ቤት ብትገቡ አንድ ማንኪያ የጎደለው ማርማላታ ተደርድሮ ታገኛላችሁ። አንዷ የአጎታችን ልጅ፣ «እባካችሁ ለዚህ ሰውዬ የሳሙና ፋብሪካ ክፈቱለት» ብላ ለምናለች።

ባለፈው ክረምት ከባድ ጉንፋን ጣለው። እሱ ተነሣ፣ ምላሱ ግን ተኝቶ ቀረ። ጣዕም እንደጠፋበት ለማንም አልተናገረም። እኔ ያወቅሁት ስኳር የረሳሁበትን ሻይ ጠጥቶ «እጅሽ ይባረክ፣ ልክ ነው» ሲለኝ ነው። ወንድም ጋሼ ሻዬን ልክ ነው ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ሰበብ እየፈለግሁ በሩ ላይ አጠገቡ መቆም ጀመርኩ።

ልጁም ሳትጠረጥር አልቀረችም። አንድ ጠዋት ሁለት ጠርሙስ ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ ጣፋጩን የሚለካ መሣሪያ አስገብተናል። አንተ በቃ ቤትህ ዕረፍ።»

«መሣሪያሽ ምላስ አለው?»

«እሺ፣ ከነዚህ አንዱ ስኳር አልገባበትም። የቱ እንደሆነ ከነገርከኝ ወንበርህን ማንም አይነካውም።»

ሾፌሮቹ ለማየት ወረዱ። ወንድም ጋሼ የመጀመሪያውን ቀመሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለተኛውን ቀመሰ። ማንኪያውን መልሶ ነከረ፣ ደግሞ ቀመሰ። ከዚያ በዕድሜው አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ማንኪያውን ወደ እኔ ዘረጋው።

«አንቺ ልጅ፣ እስቲ ቅመሺ። ድስቱ ላይ የነበርሽው አንቺ ነሽ።»

ተራ በተራ ቀመስኩ። «ሁለተኛው ስኳር የለውም፣ ወንድም ጋሼ።»

«እኔም እሱኑ ልል ነበር» አለ፣ ኮራ ብሎ።

ልጁ አባቷን አየች፣ እኔን አየች። «አክስቴ፣ የተጠየቀው እኮ እሱ ነው።»

«መለሰልሽ እኮ። አልሰማሽም?»

ዞራ ወደ ውስጥ ገባች። ወንበሩን የሚያነሳ ሰው ልታመጣ መስሎኝ ነበር። ስትመለስ ግን ሌላ ወንበር ተሸክማ ነበር። ከአባቷ ወንበር ጎን አስቀምጣው ሄደች።

አሁን ሁለታችንም በሩ ላይ ነን። እሱ ለሚያልፍ ለሚያገድመው «በአንድ ድስት ነው የጀመርነው» ይላል፤ ድስቱ ግን አሁንም እያነሰ ነው። ዘመዶቻችን አልተደሰቱም። የሚደርሳቸው ማርማላታ አሁን ሁለት ማንኪያ የጎደለው ነው።