ሦስት ገጽ ማመልከቻና አንዲት ብጣሽ

(በሰው አገር ያለ የአውሮፕላን ማረፊያ አዳራሽ፤ ሐሙስ ጠዋት። አንድ መስኮት፣ አንዲት ሠራተኛ፣ ከመስኮቱ እስከ መውጫው በር የተዘረጋ ሰልፍ። ዛሬ ጠዋት በሬዲዮ ተነገረ፦ የአገራቸው ድንበር ከቅዳሜ ቀትር ጀምሮ ላልተወሰነ ጊዜ ይዘጋል። የቅዳሜ ማታው በረራም አብሮ ተሰረዘ። ጥግ ላይ ሁለት ሰዎች ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛው ልብስ ሰፊ ነው። እሁድ የሚድራት ልጅ አለችው፤ ለሙሽራ ቀሚሷ የሚስማማ ዳንቴል ፍለጋ ለሦስት ቀን ብሎ ወጥቶ፣ ቀሚሱን በሻንጣ ታቅፎ ቀረ። ሌላው የእህቱ ባል ነው። ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ ሲጽፍ ሠላሳ ዓመት ስለሆነው ሰፈሩ «አንቀጽ» ይለዋል። ልብስ ሰፊውን ግን ሰፈሩ ምንም አይለውም፤ ዝምተኛ ሰው ቅጽል ስም እንኳ አያተርፍም።)

ልብስ ሰፊው፦ ክርንህን አንሳ አልኩህ እኮ! ቀሚሱ ይጨማደዳል።

አንቀጽ፦ የተደገፍኩት ሻንጣ ነው። ቀሚስ መቼ ነካሁ?

ልብስ ሰፊው፦ ሻንጣው ውስጥ ታዲያ ምን ያለ መሰለህ? ድንች?

አንቀጽ፦ ጠረጴዛ በሌለበት አዳራሽ ሻንጣ ጠረጴዛ ነው። እንደውም ይሄ ራሱ በደል ነው፤ ቆይ እሱንም ላስገባው። (ይጽፋል።) «ተራ ቁጥር አራት፦ የመጻፊያ ጠረጴዛ ስለመነፈጌ።»

ልብስ ሰፊው፦ እዚያ ጋ እኮ ጠረጴዛ አለ።

አንቀጽ፦ የት?

ልብስ ሰፊው፦ ሰልፉ አጠገብ።

አንቀጽ፦ ሰልፍ አጠገብማ ድርሽ አልልም!

ልብስ ሰፊው፦ እኔስ ልሰለፍ?

አንቀጽ፦ እንዳትሞክራት! የተሰለፈ ሰው ተራ እንጂ መብት የለውም።

ልብስ ሰፊው፦ ያ ሁሉ ሕዝብ ታዲያ?

አንቀጽ፦ መንጋ ነው። የፊተኛው ሲራመድ የኋለኛው ይራመዳል።

ልብስ ሰፊው፦ የፊተኛው እኮ ወረቀት ይዞ እየሳቀ ወጣ።

አንቀጽ፦ ሞኝ ምን ጊዜም እንደሳቀ ነው። ስማኝ አማቼ፣ እህትህ ስንነሳ ምን ነበር ያለችኝ? «አንተ ሕግ አዋቂ ነህ፤ ወንድሜን በሰዓቱ አምጣልኝ።» አላለችም?

ልብስ ሰፊው፦ ብላለች። «ካላመጣኸው ደግሞ አንተም እንዳትመጣ» ብላም ጨምራለች።

አንቀጽ፦ (ጉሮሮውን እየጠራረገ) የመጀመሪያው ይበቃል። አሁን መብትህን ልንገርህ። በረራው የተሰረዘበት መንገደኛ ሦስት መብት አለው። አንድ፣ ምግብ። ሁለት፣ መኝታ። ሦስት፣ ሁለት ጊዜ ስልክ መደወል።

ልብስ ሰፊው፦ ከሦስቱ ቤት የሚያደርሰው የትኛው ነው?

አንቀጽ፦ እ?

ልብስ ሰፊው፦ ምግቡ ነው ወይስ መኝታው?

አንቀጽ፦ አንተ ሰውዬ፣ መብት በቅሎ ነው እንዴ ጭኖ ቤትህ የሚያደርስህ? መብት መብት ነው! በልተህ፣ ተኝተህ፣ ደውለህ ትጠብቃለህ።

ልብስ ሰፊው፦ እስከ መቼ?

አንቀጽ፦ ድንበሩ እስኪከፈት።

ልብስ ሰፊው፦ እሁድ ልጄ ናት የምትዳረው። የቀሚሱ ጫፍ ገና አልተቀመቀመም። እሷ ጫማዋን አድርጋ ካልቆመችልኝ ደግሞ ርዝመቱን ማወቅ አልችልም። ሙሽራ በስልክ አትለካም፣ አማቼ።

(ይህን ያለው ሻንጣውን እየዳበሰ ነው። ይህችን ቀሚስ ልጁ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ነው ቃል የገባላት፤ ለሰው ሁሉ ሲሰፋ እያየች «የእኔስ መቼ ነው?» ብላው ነበር። አንቀጽ ግን አይሰማውም፤ እስክሪብቶውን እያራገፈ ነው።)

አንቀጽ፦ የሆነ ሆኖ የአየር መንገዱ ሰዎች ምን እንደሚሉህ ላውጋህ። «ድንበር መዘጋት ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ነው» ይሉሃል።

ልብስ ሰፊው፦ ከማን አቅም?

አንቀጽ፦ ከእነሱ!

ልብስ ሰፊው፦ ከአቅማቸው በላይ ከሆነ ታዲያ ምን ታደክማቸዋለህ? የዘጋውን አትጠይቀውም?

አንቀጽ፦ የዘጋው መንግሥት ነዋ!

ልብስ ሰፊው፦ እሱ የት ነው ያለው?

አንቀጽ፦ አገር ቤት።

ልብስ ሰፊው፦ አየህ፣ በር የሚዘጋ ሰው ሁልጊዜ ውስጥ ሆኖ ነው የሚዘጋው።

አንቀጽ፦ ወሬህን ተውና ይሄን ስማ። (ወረቀቱን ዘርግቶ፣ እንደ ችሎት ቆሞ።) «ለክቡር የአየር መንገዱ ዋና ሥራ አስኪያጅ። ጉዳዩ፦ በግፍና በማናለብኝነት ስለተሰረዘብኝ በረራ ዝርዝር አቤቱታ ስለማቅረብ።»

ልብስ ሰፊው፦ መስኮቱ ላይ ያለችው እኮ ልጅ እግር ናት። ሥራ አስኪያጅ አትመስለኝም።

አንቀጽ፦ ለትልቅ ጽፈህ ለትንሽ ትሰጣለህ፤ ሥነ ሥርዓቱ ነው። «ግልባጭ፦ ለሲቪል አቪየሽን፣ ለጉምሩክ፣ ለሚቲዎሮሎጂ...»

ልብስ ሰፊው፦ ሚቲዎሮሎጂን ምን አገባው?

አንቀጽ፦ በሰማይ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ያገባዋል። (ከኪሱ አራት እጥፍ የታጠፈ የግልባጭ ካርቦን ወረቀት ያወጣል።) ጎረቤቶቼ ሁሉ ኮምፒውተር ገዙ። እኔ ግን ያለ ካርቦን ከቤት አልወጣም።

ልብስ ሰፊው፦ ሰልፉ እያለቀ ነው።

አንቀጽ፦ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች! ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ነኝ።

ልብስ ሰፊው፦ ውሃ ጠጥቼ ልምጣ።

(ተነስቶ ይሄዳል። ውሃው ያለው ከመስኮቱ ጎን ነው። ሠራተኛዋ ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሲጮህባት ቆይቶ ድምጿ ሰልሏል። ይህ ሰው ግን ኮፍያውን አውልቆ፣ ውሃውን ይዞ፣ ዝም ብሎ ቆመ። «ምን ፈልገህ ነው?» አለችው። «ቤቴን» አላት። የወረቀት ብጣሽ ሰጥታው «እንግዲያው እሱኑ ጻፍና አምጣ፤ ቶሎ በል ብቻ» አለችው። እንደ ታዘዘ ልጅ ብጣሹን ይዞ ተመለሰ።)

ልብስ ሰፊው፦ የምትፈልገውን ጻፍ ብላኛለች። እስቲ ጻፍልኝ።

አንቀጽ፦ በዚች? ይቺ እኮ ግማሽ ገጽ እንኳ አትሆንም! ይሄ ሴራ ነው። የበደልህ መዘርዘሪያ ቦታ ነፈጉህ ማለት ነው።

ልብስ ሰፊው፦ በደሌን አልጠየቀችኝም።

አንቀጽ፦ እኔ የራሴን ሳልጨርስ የሰው አልነካም። ራስህ ጻፈው፣ በኋላ አርምልሃለሁ። ግን ተጠንቀቅ! «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል።»

ልብስ ሰፊው፦ መቀደዱንስ እኔም አውቃለሁ።

(ከጆሮው ሥር እርሳሱን አወጣ። ማመልከቻ ጽፎ አያውቅም። የሚያውቀው የሱቁን ትዕዛዝ ደብተር ብቻ ነው፤ ምን፣ ለስንት ሰው፣ ለመቼ። ደንበኛ ምንም ያህል ቢያወራ ከእነዚህ ከሦስቱ ሌላ ጽፎ አያውቅም። እርሳሱን አርጥቦ ያንኑ ጻፈ።)

ልብስ ሰፊው፦ «ቤት ማድረስ። ሁለት ሰው ከአንድ ቀሚስ ጋር። ከቅዳሜ በፊት።»

አንቀጽ፦ ምንድን ነው ይሄ? የሱሪ ትዕዛዝ ነው? ሰላምታው የት አለ? «በማክበር»ህ የት ገባ?

ልብስ ሰፊው፦ ሱሪ የሚያሰፋ ሰው «በማክበር» አይለኝም። ከመቼ በፊት እንደሚፈልገው ነው የሚነግረኝ።

አንቀጽ፦ ደግሞ ሁለተኛው ሰው ማን ነው?

ልብስ ሰፊው፦ አንተ ነሃ።

አንቀጽ፦ እኔ? እንዲህ ያለ ብጣሽ ላይ? ነገ ሰፈር ቢሰማ በጃንጥላዬ ነው የሚደበድበኝ! አውጣኝ! አሁኑኑ አውጣኝ!

ልብስ ሰፊው፦ እርግጠኛ ነህ?

አንቀጽ፦ ሰርዝ አልኩህ!

(ልብስ ሰፊው የደንበኛ ቃል አይጥስም። «ሁለት» የሚለውን ሰርዞ «አንድ» አለ። ከዚያ ሄዶ ሰልፉ ጭራ ላይ ቆመ፤ ሰልፉም የቀረው ሦስት ሰው ነበር። አንቀጽ ሦስተኛውን ገጽ ጨርሶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ወደ መስኮቱ ሲያመራ ልብስ ሰፊው ወረቀቱን ሰጥቶ ተመልሶ ነበር። አንቀጽ ማመልከቻውን በሁለት እጁ አቀረበ። ሠራተኛዋ ጉዳዩን አነበበች፣ ሦስቱን ገጽ ገለጠች፣ የመጨረሻውን መስመር አየች። ፊቷ በራ። ሁለተኛ ሳትጠይቅ ማኅተሟን አነሳችና ጧ! አደረገችው።)

አንቀጽ፦ (እየተንጎራደደ ተመልሶ) እልል በል አማቼ! እልል በል!

ልብስ ሰፊው፦ ምን ተገኘ?

አንቀጽ፦ «ተፈቅዷል!» ማኅተሙን እየው፣ ቀለሙ እንኳ አልደረቀም። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ በአንድ ትንፋሽ የተፈቀደ ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም። «ነገ ተመለስ» እንኳ አላለችኝም!

ልብስ ሰፊው፦ እሰይ! ታዲያ የምትበረው በስንት ሰዓት ነው?

አንቀጽ፦ ምን በስንት ሰዓት?

ልብስ ሰፊው፦ አውሮፕላኑ። የተፈቀደልህ።

አንቀጽ፦ እሱ... ውስጡ አለ። ማመልከቻው ውስጥ።

ልብስ ሰፊው፦ እስቲ መጨረሻውን አንብብልኝ። እሷ ያየችው መጨረሻውን ነው።

አንቀጽ፦ መጨረሻውማ የታወቀ ነው፤ ከልማድ በቃሌ ነው የምጽፈው። (ያነባል።) «...ስለዚህ የከፈልኩት ተመልሶልኝ፣ ከውሉ ግዴታ በነጻ እንድሰናበት በማክበር አመለክታለሁ።»

ልብስ ሰፊው፦ እንድትሰናበት?

አንቀጽ፦ አዎ፣ እንድ... (ቆመ።)

ልብስ ሰፊው፦ እኔኮ አውቃታለሁ ይህቺን። የሱቄን ኪራይ ውል ያፈረስንባት ናት። ያኔም ተፈቅዶ፣ በማግስቱ ስፌት መኪናዬን መንገድ ላይ አወጡት።

አንቀጽ፦ ያ የቤት ኪራይ ነው! ይሄ...

ልብስ ሰፊው፦ ይሄ ደግሞ የወንበር ኪራይ ነው። ለቀሃል።

(አንቀጽ ወደ መስኮቱ በረረ። ዛሬ ከዚያ አዳራሽ የበረረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ሠራተኛዋ በትህትና አስረዳችው፦ ገንዘቡ ይመለስለታል፤ ከእንግዲህ ግን የአየር መንገዱ መንገደኛ ስላልሆነ ምግብም፣ መኝታም፣ ስልክም አይመለከተውም። ቤት አድርሱኝ ብሎ ቢሆን ኖሮ በሌላ አገር አዙረው የማድረስ ግዴታ ነበረባቸው። አሁን የቀረው ወንበርም አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ለአንድ ሰውና ለአንድ ቀሚስ ተይዟል። በዚህ መሃል ድምፅ ማጉያው ልብስ ሰፊውን ጠራ።)

አንቀጽ፦ አማቼ... ወንድሜ... ጌታዬ! ትተኸኝ አትሄድም አይደል?

ልብስ ሰፊው፦ (ሻንጣውን በእቅፉ ይዞ) አውጣኝ አልከኝ፤ አወጣሁህ።

አንቀጽ፦ እሁድ እኮ ንግግር የማደርገው እኔ ነኝ! እህትህንስ ምን እላታለሁ?

ልብስ ሰፊው፦ እሱን አንተ ታውቃለህ፤ ሕግ አዋቂው አንተ ነህ።

አንቀጽ፦ እባክህ፣ ከመሄድህ በፊት... እንደዚያች ያለች አንዲት ብጣሽ ጻፍልኝ። እኔ እጄ አይታዘዘኝም፤ «ጉዳዩ» ብሎ ይጀምርብኛል።

(ልብስ ሰፊው አዘነለት፤ ከልቡ አዘነለት። ጊዜ ግን የለውም። ከማመልከቻው ሦስተኛ ገጽ ባዶ ጫፍ ሁለት ብጣሽ ቀደደና እርሳሱን አርጥቦ ጻፈ።)

ልብስ ሰፊው፦ «ቤት ማድረስ። አንድ አማች። በተገኘ ጊዜ።» ይሄው።

አንቀጽ፦ (ተቀብሎ፣ እያገላበጠ) ግልባጭስ? ግልባጭ የሌለው ማመልከቻ እኮ ክብደት የለውም።

ልብስ ሰፊው፦ አለው እንጂ። ካርቦንህን ከሥሩ አድርጌ ነው የጻፍኩት። (ሁለተኛዋን ብጣሽ አጥፎ ኪሱ ከተተ።) ይህችን ለእህቴ ነገ በእጇ እሰጣታለሁ።