ቁልል ጊጋ

በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ገዢ አለ፤ የሰጡትን ተቀብሎ የሚሄድና እትዬ እንኳየሁ። የመጀመሪያው ዓይነት ብዙ ስለሆነ የሚያወራለት የለም። ሁለተኛው ዓይነት ግን በየከተማው አንድ አንድ ይገኛል፤ ሱቅ ከፍቶ የተቀመጠ፣ ሚዛን የጨበጠ፣ ሽንኩርት በመደብ የደረደረ ሁሉ ያውቀዋል። የጎንደር ድርሻ እሳቸው ናቸው።

ክብርት እትዬ እንኳየሁ፣ የቅዳሜ ገበያ የእህል ተራ የቀድሞ ንግሥት፣ የቁና ዳኛ፣ የምርቃት እናት፣ ከእህል ንግድ ከተሰናበቱ ቆይተዋል። ንግዱ ግን እሳቸውን አልተሰናበተም። ዛሬም የሆነ ነገር ሲገዙ ሻጩ ለክቶ እስኪጨርስ ዝም ብለው ይጠብቁና ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው፣ "ሸጋ ነው፤ ምርቃቱስ?" ይላሉ። ቲማቲም ሻጭ አንዲት ፍሬ ጣል ቢያደርግ፣ በርበሬ ሻጭ እፍኝ ቢጨምር የአገር ደንብ ነው። የእሳቸው ጉዳይ ደንቡ የት ላይ እንደሚያበቃ አለማወቃቸው ነው። ፋርማሲ ገብተው ኪኒን ሲቆጠርላቸው አንዲት ፍሬ ምርቃት ጠይቀዋል። ጤና ጣቢያ ደም ግፊታቸውን የለካችው ነርስ "መቶ ሃምሳ ነው" ስትላቸው ደግሞ አልደነገጡም፤ "ተይ እንጂ ልጄ! መቶ ሠላሳ አድርጊውና እንለያይ" አሏት።

የኢንተርኔት ጥቅል የገዙ ጊዜም እንዲሁ ነው። ደውለው ስልኩን ላነሣችው ልጅ፣ "አንድ ጊጋ ገዝቻለሁ፤ እፍኝ ሜጋ ጨምሪልኝ" ብለው ለመኑ። ልጅቷ ስቃ ዘጋች። ከወር በኋላ ለፋሲካ ለአገሩ ሁሉ የተላከው የስጦታ መልእክት እሳቸውም ስልክ ላይ ሲገባ ግን ሰፈሩን ሰብስበው፣ "አያችሁ? ዘገየች እንጂ አልረሳችኝም!" አሉ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያንኑ መልእክት በየስልኩ ይዞ ቆሞ ነበር። አንድም ሰው ደፍሮ አልነገራቸውም።

ከሻጭ ሁሉ ግን እንደ ዐብዱልከሪም የተፈተነ የለም። ዐብዱልከሪም ፒያሳ ላይ የስልክ ዕቃ ይሸጣል፤ ቻርጀር፣ ሽፋን፣ ሚሞሪ፣ ፍላሽ። በዚያው ቤት አባቱ ሐጂ ዐብዱረሕማን ጨርቅ ሲሸጡ ኖረዋል። ሐጂ ሜትር ግድግዳ ላይ ሰቅለው የሚለኩት በክንዳቸው ነበር። ቁመታቸው የትየለሌ ስለነበር ክንዳቸውም ከማንም ክንድ ይበልጣል፤ በእሳቸው ክንድ ለማስለካት ከእንፍራንዝ ድረስ የሚመጣ ገዢ ነበር። ልጃቸው ቤቱን ወረሰ፣ ስማቸውንም ታፔላው ላይ አጻፈ፤ ክንዱን ግን አልወረሰም። ዐብዱልከሪም አጭር ሰው ነው። የሚሸጠውም ነገር በክንድ አይለካም፤ በዓይን እንኳ አይታይም። ይህ ነገር አንዳንዴ ሥራ ሲቀዘቅዝ ያሳስበዋል።

እትዬ እንኳየሁ ለስልካቸው ሚሞሪ ሊገዙ የመጡ ቀን ነገሩ በሰላም ተጀመረ።

"ይቺ ጥፍር የምታክል ነገር ስንት ትይዛለች?"

"ስልሳ አራት ጊጋ፣ እትዬ።"

"ጊጋ ስንት ነው? በምን ይሰፈራል?"

ዐብዱልከሪም እንደሳቸው አድርጎ ለማስረዳት ተነሣ። "አንድ ባይት ማለት አንዲት የጤፍ ፍሬ በሉት። የኛ ፊደል አንዷ ሦስት ፍሬ ትበላለች። ሺው ፍሬ ኪሎባይት ይባላል። ሺው ኪሎባይት ሜጋ ነው፤ አንድ ፎቶ ሦስት አራት ሜጋ ይወስዳል። ሺው ሜጋ ጊጋ ነው።"

"ሰርግስ?"

"ሰርግማ እንደ ጭፈራው ነው። ብዙ ጊጋ ይሄዳል።"

"ሺ፣ ሺ፣ ሺ" አሉ እትዬ፣ በጣታቸው እየቆጠሩ። መስፈሪያ ነክ ነገር አንዴ ከሰሙ አይረሱም። "ሸጋ ነው፤ ምርቃቱስ?"

"ጊጋ ምርቃት የለውም፣ እትዬ። ታሽጎ ነው የሚመጣው።"

"ጆንያም ተሰፍቶ ነው የሚመጣው። ይፈታላ!"

ሚሞሪው የማይፈታ መሆኑን ሲያረጋግጡ ዓይናቸውን ግድግዳው ላይ የተሰቀለች ቀይ የስልክ ሽፋን ላይ ጣሉ። "እሺ ያቺን ቀይ ሽፋን።" ዐብዱልከሪም ሽፋኗ ለሽያጭ እንደሆነች ነገራቸው። እሳቸው በምርቃት ፈንታ የስልክ መስታወት ማጽጃ ጨርቅ ተቀብለው፣ ቅር ብሏቸው ሄዱ።

መከራው የመጣው በማግሥቱ ቅዳሜ ነው። እትዬ የወንድማቸውን ልጅ ሰርግ ሚሞሪው ላይ ሊያስገለብጡ ኮምፒውተር ጽሕፈት የምትሠራው ሃና ዘንድ ሄዱ። ሃና ሚሞሪውን ሰክታ፣ "እትዬ፣ ይሄ ሃምሳ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት ጊጋ ነው" አለች፤ ክፋት አልነበራትም፤ ያየችውን ነው ያነበበችው። እትዬ ሰርጉን ትተው ሚሞሪውን አስነቀሉና ወደ ፒያሳ ገሠገሡ። ሱቁ በገበያተኛ ጢም ብሎ ነበር። በሩ ላይ ቆሙና ሚሞሪውን በሁለት ጣታቸው ከፍ አድርገው ያዙት።

"ዐብዱልከሪም! ስልሳ አራት ብለህ ሸጠህልኝ ሃምሳ ዘጠኝ ከምናምን ነው። ጎደለ!"

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። እትዬ እንኳየሁ የማይከራከሩት፣ ምርቃት የማይጠይቁት ሰው የለም፤ "ጎደለ" የሚለው ቃል ግን ከአፋቸው እንደ ዋዛ አይወጣም። በእህል ተራው ዘመናቸው ሁለት ነጋዴ በመስፈሪያ ሲጣላ ዳኛ እሳቸው ነበሩ። "ጎደለ" ያሉት ሰው ጆንያውን ጠቅልሎ ሌላ ገበያ ይፈልግ ነበር። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ትልልቅ ሰዎች ቃሉን ሲሰሙ ያነሡትን ዕቃ ባንኮኒው ላይ መለሱ።

ዐብዱልከሪም የሙያ አጋሮቹ ሁሉ የሚመልሱትን መለሰ። "ሲስተሙ ነው የሚበላው፣ እትዬ።"

"የሚበላው? የኔን ጎተራ የሚበላ አይጥ ነበር። ለሱም ድመት አመጣሁለት። ያንተን ሲስተም ምን ይያዘው?"

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። እሱም አብሮ ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ግን የሚስቁት ከእሱ ጋር ሳይሆን በእሱ ላይ መሆኑ ገባው።

ወሬው በአዘዞ ሚኒባስ ተሳፍሮ ከእሱ ቀድሞ ቤት ገባ። ሰው ሁሉ ሚሞሪውን እያወጣ ማስነበብ ጀመረ፤ የሁሉም ጎደለ። ሠላሳ ሁለት የተባለው ሠላሳ አልሞላ፣ መቶ ሃያ ስምንት የተባለው መቶ ሃያ አልደረሰ። የሌሎቹ ሱቆችም ዕቃ እንደዚያው ነበር፤ ግን በሌሎቹ በር ላይ እትዬ እንኳየሁ አልቆሙም። አንድ የአዘዞ ደንበኛው ብቅ ብሎ፣ "ያንተ ጊጋ ዛሬ ስንት ገባ?" ብሎት ሳይገዛ ሄደ። ይህንንስ ቻለው። ያልቻለው አንድ ቀን በበሩ የሚያልፉ ሽማግሌ ታፔላውን ቀና ብለው አይተው ለጓደኛቸው በዝግታ፣ "የሐጂ ልጅ ነው እኮ" ያሉትን ነው።

ዐብዱልከሪም አፈረ። ክሱ ብቻ አልነበረም ያሳፈረው፤ መልሱን አለማወቁ ነው። "ሲስተሙ ይበላዋል" የሚለውን ከሌላ ሻጭ ሰምቶ ለሌላው ሲያቀብል ኖረ እንጂ የጎደለው የት እንደሚሄድ እሱም አያውቅም። የአባቱ ክንድ እዚያው ገዢው ዓይን ፊት ነበር፤ የእሱ መስፈሪያ ግን ለራሱም የተሸፈነ ነበር። ምሳ ቀርቦለት እጁን ሳይሰድ ለሚስቱ ለሃጂራ ነገራት። "እትዬን ማሳመን ካቃተኝ የአባቴን ስም ከታፔላው አወርዳለሁ" አላት።

ሃጂራ የሂሳብ አስተማሪ ናት። መጀመሪያ ምሳውን እንዲበላ አዘዘችው፤ ከዚያ ነገሩን አብራራች። "ማንም አልበላውም። ፋብሪካው ሺ እያለ ነው የሚቆጥረው። ኮምፒውተሩ ግን በሁለት እያባዛ ይሄዳል፤ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እያለ ሺ አካባቢ ሲደርስ የሚያርፈው ሺ ሃያ አራት ላይ ነው። ለሱ አንድ ኪሎ ያ ነው።"

"እና ሁለቱም ጊጋ ነው የሚሉት?"

"ሁለቱም።"

"ይህንን ለእትዬ እንኳየሁ ማን ይነግራቸዋል?"

"አንተ ነሃ!"

"አንቺም ነይ" አላት፤ ድምፁ ልመና ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱ እህል ተራ ወረዱ። እትዬ እንኳየሁ "ለመታዘብ ብቻ" በየሳምንቱ የሚቀመጡባት ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነበር። ባልና ሚስቱን ሲያይ ነጋዴውም ገዢውም ጠጋ ጠጋ አለ። ዐብዱልከሪም ሰላምታውን ሰጥቶ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ "እትዬ፣ 'ሲስተሙ ይበላዋል' ያልኩዎት የማላውቀውን ነው። አሁን አውቄ መጥቻለሁ" አለ። ከዚያ ሃጂራ የፋብሪካውን ሺ፣ የኮምፒውተሩን ሺ ሃያ አራት ተናገረች።

እትዬ እንኳየሁ ሃጂራን አዩ፤ ዐብዱልከሪምን አዩ፤ ደግመው ሃጂራን አዩ። ዐብዱልከሪም በልቡ ታፔላውን አወረደ፣ መሰላሉን መለሰ።

"ነይ ያንን ቁና አምጪልኝ" አሉ ድንገት አጠገባቸው ላለችው ገብስ ሻጭ። ቁናውን በገብስ ሞሉና አፉን በመዳፋቸው ጠረጉት። ገብሱ ከአፉ እኩል ሆነ። "ይሄ የሻጭ ቁና ነው" አሉ። በላዩ ሌላ እፍኝ፣ ሌላ እፍኝ ጨመሩበት፤ ጉብ አለ፣ ቁልል ሆነ። "ይሄ የገዢ ቁና ነው። ስሙ አንድ ነው፤ ቁናውም አንድ ነው። ተጠርጎ የተሸጠውን ወስደህ በቁልል ብትሰፍረው መቁጠሪያው ያንሳል እንጂ ገብሱ የት ይሄዳል? እንዲህ ነው የምትሉኝ?"

"እንዲህ ነው!" አሉ ባልና ሚስት በአንድ አፍ።

"ስንቴ ነው የሚቆለል?"

"ሦስቴ" አለች ሃጂራ። "ከባይት ወደ ኪሎ፣ ከኪሎ ወደ ሜጋ፣ ከሜጋ ወደ ጊጋ።"

እትዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ተራመዱ። "ከሺው ሃያ አራት፣ ሦስቴ... ከመቶ ሰባት ገደማ ይወስዳል። ከስልሳ አራቱ አራት ተኩል። ሃምሳ ዘጠኝ ተኩል ሊተርፍ ነው።" ዓይናቸውን ገለጡ። "የኔ ስንት አለ?"

"ሃምሳ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት።"

"ነጥብ ስድስት!" ብለው ብድግ አሉ። "እንዲያውም ያቺ ከተኩሏ ያለፈችው ምርቃት ናታ! አንተ፣ ምነው ምርቃት የለውም አልከኝ?"

ከዚያ በእህል ተራው ዘመን ከወዲያኛው ጫፍ ይሰማ በነበረው ድምፃቸው ጮኹ። "ስሙ! የሐጂ ዐብዱረሕማን ልጅ አላጎደለም! ጠርጎ ነው የሸጠ፣ ማኪናው ነው በቁልል የሚሰፍር! ጎደለ ያልኩ እኔ ነኝ፤ ሙሉ ነው የምልም እኔ ነኝ!" እልልታው መጀመሪያ ከገብስ ሻጯ ተነሣ፤ ከዚያ ጤፍ ተራው ተቀበለ፤ በርበሬ ተራው ምን እንደተገኘ ሳያውቅ አጀበ። አንድ ወፍራም ነጋዴ ዐብዱልከሪምን ከመሬት አነሣው። ከላይ ሆኖ የሚስቱን ሳቅ አየ፤ ዕድሜውን ሁሉ እንደዚያን ቀን ረጅም ሆኖ አያውቅም።

እትዬ እንኳየሁ ያጎደሉትን ስም ራሳቸው ሊሞሉ ተነሡ። ሰኞ ጠዋት ቁናቸውንና አንድ ፌስታል ሽንብራ ይዘው ሱቁ በር ላይ ዱካ ስበው ተቀመጡ። የመጣውን ሁሉ እጁን ይዘው፣ "ና፣ ጊጋ ምን እንደሆነ ልንገርህ" ይሉና ጠርገው ያሳያሉ፣ ቆልለው ያሳያሉ። ሚሞሪ ሊገዛ ያልመጣው ሁሉ አይቶ ገዝቶ ይሄዳል። የሌሎቹ ሱቆች ደንበኞች ሳይቀሩ "ቁልሉን" ሊያዩ ይመጡ ጀመር። ዐብዱልከሪም ዕቃ አልቆበት ሁለት ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ደወለ።

ሥራው ሞቅ ባለበት አንድ ቀን እትዬ ለራሳቸው መቶ ሃያ ስምንት ጊጋ ጠየቁ፤ ስልሳ አራቱ በሰርግ ሞልቶባቸዋል። ሰጣቸው። ከፈሉ። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉ። ዐብዱልከሪም መልሱን አዘጋጅቶ ጠበቀ። እሳቸው ግን ቦርሳቸውን ዘግተው ወደ በሩ ሄዱ።

ደነገጠ። "እትዬ! አሞዎታል እንዴ? ምርቃቱስ አይሉም?"

ዞር አሉ። "ምርቃት የምጠይቅ የሰውየው መስፈሪያ ሲያጠራጥረኝ ነው፣ ልጄ። ከአባትህም ጠይቄ አላውቅም።"

እንዲህ ብለው ወጡ። ዐብዱልከሪም ባንኮኒውን ተደግፎ ቆመ። ዓይኑ ሞላ፤ ሞልቶም ፈሰሰ፤ ሃጂራ ብታየው እንኳ ባላፈረ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለችውን ቀይ ሽፋን አውርዶ አቧራዋን በእጅጌው ጠረገ።

በሩ ላይ የነጠላ ጫፍ ታየ፤ ቀጥሎም የእትዬ እንኳየሁ ራስ ብቅ አለ። "መስፈሪያህ አላጠራጠረኝም፤ ግን ያቺ ቀይ ሽፋን..." ብለው ጀመሩና እጁ ላይ ሲያዩዋት አቋረጡ።

"ለእርስዎ ነው ያወረድኳት" አላቸው።

ተቀብለው ገልበጥ አድርገው አዩዋት፣ በመዳፋቸው ጠረጓት። "ሸጋ ናት" አሉ። "ማንጠልጠያ የላትም?"

ዐብዱልከሪም እየሳቀ ማንጠልጠያ ፍለጋ መሳቢያውን ሳበ።