የአስራ አምስት ቀን ቆጮ

ሰሞኑን ሠልጥኛለሁ። ምን ያስቃችኋል? ሽበት በሽበት ሆኜ፣ እኔው፣ የቆጮ አሠራር ሠልጥኛለሁ! "ለቀባሪው አረዱት" ሲባል ትሰሙ የለ? ቀባሪዋ እኔ ነኝ።

ቦንጋ እንግዶች ሊመጡ ነውና የቀበሌያችን ሴቶች ቆጮ ያቅርቡ ተባለ። ታዲያ የማን ቆጮ? አርባ ዓመት ሙሉ ለሠርጉም ለለቅሶውም "እሷን ጥሩልን" የምባለው እኔ ነኛ! የለም፤ ሠልጥና የብቃት ወረቀት ያልያዘች ቆጮ የሚብላላበትን ጉድጓድ አትነካም አሉ። ከጓሮዬ ሦስት እግር እንሰት ለስልጠናው ቆርጬ የሰጠሁት እኔ፣ ስምም እንሰትም ይዤ ተማሪ ሆንኩላችሁ።

አሰልጣኙ መጣ። በዚያ የክረምት ጭቃ ጫማው ያበራል። ትልልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፈና "የክህሎት ክፍተት አለባችሁ" አለን። ጎረቤቴ ብርቄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ክፍተቱ የቱ ጋ ነው፣ ጥርሳችን ላይ?" ብትለኝ ሳቄ አመለጠኝ። "እማማ፣ ስልጠና ላይ ነን" ብሎ ገሠጸኝ። አንተስ ስንት እንሰት ፍቀሃል ብዬ ብጠይቀው፣ እሱ የንድፈ ሐሳብ ሰው ነው።

ፍቀን፣ በኮባ ሸፍነን ቀበርን። በአስራ አምስተኛው ቀን "ይከፈት!" አለ።

ኮባውን ገለጥ አድርጌ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ጣቴን መለሰው። የደረሰ ቆጮ ጣት ይቀበላል እንጂ አይመልስም። "ልጄ፣ ክረምት ነው፣ ጉድጓዱ በርዶታል፤ ገና አንድ ወር ይፈልጋል" አልኩት። ሞጁሉ አስራ አምስት ቀን ነው የሚለው ብሎ አስከፈተው። እንጨት የሆነ ቆጮ ወጣ።

እኔስ ከእናቴ ሆድ አውቄው ወጣሁ? ሙሽራ ሳለሁ ቸኩዬ አንድ ጉድጓድ ሙሉ ያለጊዜው ከፍቻለሁ። አማቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ምላሷን እንጃ፣ ስድብ እንኳ አላወጣችም። "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ፤ ያንቺ ግን ይበቃሻል፣ ብይው" አለች። ጠዋት እሱ፣ ማታ እሱ። መንጋጋዬ ዛለ። እስኪያልቅ በላሁት። ከዚያ ወዲያ ይህ አውራ ጣት ተሳስቶ አያውቅም።

መደጋገም ያሠለጥናል ይሉኛል። ውሸት! መደጋገምማ ቢሆን ይሄ ሰው ዓመቱን ሙሉ ከወረዳ ወረዳ ሲያሠለጥን አይደል የሚኖረው? ግን አበላሽቶ መኪና ውስጥ ይገባል። የሚበላው ሌላ ነው። ያበላሸውን ያልበላ ሰው መቶ ዓመት ቢደጋግም ምን ይማራል?

እንግዶቹ ሊገቡ አንድ ቀን ሲቀር የቀበሌው ሰዎች ደጄ ላይ ቆሙ። "እማማ፣ ጉድ ሆነናል፤ ያድኑን።" ያን ቀን ወረቀት የጠየቀኝ የለም። ከጓሮዬ ጉድጓድ የከረመውን ቆጮ አወጣሁና ጋገርኩ።

እንግዶቹ ጣት ያስቆረጥማል አሉ። ትልቁ እንግዳማ ወደ አሰልጣኙ ዞሮ "ስልጠናው ፍሬ አፍርቷል" አለው። አሰልጣኙማ አፉ ሙሉ ነው። ለእሱ የአስራ አምስት ቀኑን ለብቻው ጋግሬ፣ አጠገቡ ቆሜ በእጄ እያጎረስኩት ነበር። የእናት ጉርሻ በሰው ፊት ማን ይመልሳል?

እንግዶቹ ሲሸኙ፣ መንጋጋውን እያሸ ማድ ቤት ገባ።

"እማማ፣ ያ በአውራ ጣት የሚያውቁት ነገር... እንዴት ነው?"

"ቁጭ በል ልጄ" አልኩት፣ ከዚያው ከአስራ አምስት ቀኑ ሌላ እየቆረስኩ። "ጉድጓዱ መች አለቀና።"