ንፋስ የሚፈሩት ጋሽ ዳምጤ

ከሞጣ ቢቸና በአውቶቡስ ሄደው ያውቃሉ? እንግዲያው መስኮት በተከፈተ ቁጥር "ዝጉት፣ ንፋስ ይመታኛል" የሚለውን ሰውዬ ያውቁታል። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ታፍኖ ቢያልቅ ግድ የለውም፤ የእሱ ጠላት ንፋስ ብቻ ነው።

ቢቸና ያሉት ጎረቤቴ ጋሽ ዳምጤ የነዚህ ሰዎች አለቃ ናቸው። የማገዶ ጭስ የባለቤታቸውን የእትዬ ስንዱን ዓይን ቢያስቸግር፣ ባለሲሊንደር የጋዝ ምድጃ ገዝተው ሳሎን አስገቡና መስኮቱን ጥርቅም አድርገው ዘጉት።

"ጭስ ከሌለ መስኮት ምን ያደርጋል?" አሉኝ። የበሩን ሥር ሳይቀር በአሮጌ ጋቢ ወትፈውታል።

ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት ራሱን የማያመው ሰው ጠፋ። ጋሽ ዳምጤ ምክንያቱን ወዲያው አወቁ። "በሆነ ቀዳዳ ንፋስ እየገባ ነው" ብለው የቀረችውን ስንጥቅ በጭቃ መረጉ። ድመታቸው እንኳ ከደጅ አልገባም አለች።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ከገበያ ስመለስ ጎራ አልኩ። ሽሮው ይንተከተካል። ባልና ሚስት ግድግዳውን ተደግፈው አንቀላፍተዋል። ብጠራቸው "እህ" አሉ፤ ዓይናቸው ግን አልተገለጠም። ሰማያዊ የነበረው የምድጃው እሳት አየር አጥሮት ቢጫ ሆኖ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። እኔንም ራሴን አዞረኝ። እየተንገዳገድኩ ምድጃውን አጠፋሁና መስኮቱን በረገድኩት። ቀዝቃዛ አየር ገባ።

"ኧረ ዝጉት፣ ንፋስ ይመታናል" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዞሬ አየሁ። ሁለቱም ገና አልነቁም። የተናገርኩት እኔው ነበርኩ።