ግማሽ ጠርሙስ ትንፋሽ

በየሰፈሩ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ከመንገድ ያነሳውን ዝገት የበላው ምስማር አገላብጦ አይቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ይኼ እኮ ዝም ብሎ ምስማር አይደለም» የሚል። ፈጣሪ ለሌላው ሰው ዕቃ ሲያድል ለእሱ የዕቃውን የዘር ሐረግ አድሎታል። በእሱ ቤት የተሰነጠቀ ሲኒ የለም፤ ንጉሥ በቁጣ ያስቀመጠው ሲኒ እንጂ። የጠፋ ቁልፍም የለም፤ ያኮረፈች ልዕልት ይዛው የሄደችው ቁልፍ እንጂ። እንዲህ ያለ ሰው በሰፈራችን የለም ካላችሁ አጎታችሁ ነው፤ አጎታችሁም ካልሆነ፣ ይቅር በሉኝና፣ ራሳችሁ ናችሁ።

የእኛው፣ በህንዷ በላክናው አሮጌ ከተማ የሽቶ ቀማሚዎች መንደር የሚኖሩት፣ ክቡርነታቸው ሚርዛ ሰርፈራዝ ባኽት ናቸው፤ በቤት ስማቸው ሚርዛ ባኔ፤ ፊት ለፊት ግን «ሚርዛ ሳሂብ»፣ ጌታ ሚርዛ እንደማለት። ቅድመ አያታቸው ከተማችንን ይገዙ በነበሩት በነዋቦቹ ዘመን ምን እንደነበሩ በየጊዜው ይለዋወጣል። እኔ ሕፃን ሳለሁ የፈረስ ባልደራስ ነበሩ፤ ሱሪ ስታጠቅ አማካሪ ሆኑ፤ ጢሜ ሲሸብት ነዋቡ ራሳቸው ሆነው አረፉት። ሚርዛ ባኔ ራሳቸውን «እኛ» ነው የሚሉት። «እኛ ዛሬ ሆዳችንን አሞናል» ሲሉ የማያውቃቸው ሰው ቤተሰቡ በሙሉ ተመርዟል ብሎ ይደነግጣል።

ውሏቸው በስልክ ላይ ባለ የጨረታ ገጽ ነው። ለጨረታ የሚያቀርቡት ዕቃ በየትም ሙዚየም የለም። «የነዋቡ ዝሆን የጥርስ መፋቂያ» (የተሰበረ የአልጋ እግር ነው)። «የፍቅር ደብዳቤ ይዛ የተሳሳተ መስኮት ላይ ያረፈችው ርግብ የእግር ቃጭል»። «የቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤት ሹም ሽንኩርት ሲከትፉ ያለቀሱበት፣ ሰው ግን በፍቅር ነው ብሎ ያማቸው መሐረብ»። ነሐሱን በኮምጣጣ የሁመር ፍሬ ውሃ ቀቅለው፣ ጨርቁን በሻይ ነክረው፣ ግቢያቸው ካለችው ዘይቱና ሥር ይቀብሩታል። «ሦስት ነዋብ እስኪሞት ይቆይ» ይላሉ። አንድ ሳምንት ማለታቸው ነው።

አጭበርባሪ እንዳይመስሏችሁ ታዲያ። ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር ከልብስ ሳሙና የተቀረጸ ማኅተም ያረፈበት የምስክር ወረቀት ይሄዳል። ከማኅተሙ ሥር በሚያምር የእጅ ጽሕፈት፣ «ዕቃው ሐሰት ነው፤ ሐዘኑ እውነት ነው» ተብሎ ተጽፏል። ሰውም የሚገዛቸው ይህን አውቆ፣ ስቆ፣ ትንሽም ተክዞ ነው። አንድ የፑኔ ከተማ ሰው ብቻ፣ «የነዋቡ የግራ እግር ጫማ ብለው የላኩልኝ የቀኝ ነው!» ብሎ ተቆጣ። ክቡርነታቸው መነጽራቸውን አስተካክለው በአንድ ጣት መለሱለት፦ «ጌታዬ፣ ነዋቡ በጥድፊያ አዛንፈው አጥልቀውት ነው። ይህ ስሕተት ዋጋውን ይጨምራል፤ በእርስዎ ላይ ግን አንጨምርም።» ሰውዬው ይቅርታ ጠየቀ። ቆይቶም የዝሆኑን መፋቂያ ገዛ።

እኔም ገዝቻለሁ። በቡሽ የተወተፈ ባዶ የሽቶ ጠርሙስ ነው፤ «ነዋቡ ከከተማቸው ተሰደው በወጡ ዕለት የተነፈሱት ትንፋሽ» ይባላል። ወገቡ ላይ የቀለም መስመር ተሰምሮበታል።

«መስመሩ ምንድን ነው ሚርዛ ሳሂብ?»

«ትንፋሹ እስከዚያ ድረስ ነው።»

«ለምን አልሞላም?»

በሐዘኔታ አዩኝ። «ገጣሚው፣ አንተ ጨዋ ቤት አይደል እንዴ ያደግከው? ትልቅ ሰው በሰው ፊት ሙሉ ትንፋሽ ይተነፍሳል? ግማሹን ዋጡታ!»

ገጣሚው የሚሉኝ በወጣትነቴ በሙሐረም ወር በሚደረገው የሐዘን ጉባኤ ላይ ሙሾ አዜም ስለነበር ነው። ድምፄ ከሄደ ቆየ፤ ስሙ ግን ሳይሄድ ቀረ። ዛሬም በሰፈራችን ሳልፍ፣ ከፈረሱት ግቢዎች መሐል የቆመ የቅስት በር ባየሁ ቁጥር ይህችን አንጎራጉራለሁ፦

ቤቱ ፈርሶ ሳለ፣ በሩ ቆሞ ቀረ፤
የሚገባ ሳይኖር፣ «ይግቡ» እያለ ኖረ።

ላክናው ማለት እሱ በር ነው። እዚህ ሰው ከሰው አይቀድምም። ሚርዛ ባኔና የሥራ ሥር መድኃኒት ዐዋቂው ሐኪም ሚሳም የመስጊድ በር ላይ ከተገናኙ፣ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ምን ሲደረግ!»፣ «በሞቴ!»፣ «በእኔ ሞት!» ሲባባሉ ሶላቱ አልቆ ሰው በእነሱ መሐል እየተሹለከለከ ይወጣል። ስንስቅባቸው ኖረናል። ሳቁ ወዴት እንደሚያደርሰን ማን ያውቅ ነበር?

ሚርዛ ባኔ ወደዚያ ገጽ መጀመሪያ የገቡት ሊሸጡ አልነበረም። ሊፈልጉ ነው። ታላቅ እህታቸው ሸህርባኖ አፓ («አፓ» እንደ «እትዬ» ነው) ዓይናቸው ከጠፋ ዓመታት ሆኗል፤ ኋላ ኋላ ልባቸውም እየደከመ ከአልጋ ዋሉ። ሁለቱም ሳያገቡ በአንድ ግቢ ያረጁ ናቸው። አፓ ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት አንድ ነገር ቀርቷል፤ የእናታቸው የፓን ሣጥን። ፓን የምንለውን የሚታኘክ ቅጠል ከነኖራው፣ ከነሄሉ፣ ከነቅርንፉዱ የሚይዝ ክብ የነሐስ ሣጥን ነው። ክዳኑ ላይ ሁለት ዓሦች ተቀርጸውበታል፤ አጠገባቸው ደግሞ ሚርዛ ባኔ በልጅነታቸው ርግብ ላስደነግጥ ብለው ከጣሪያ ሲጥሉት የወጣበት የአውራ ጣት ስርጉድ አለ። ሲከፈት «ጢርር» ይላል። ያን ድምፅ ሲሰሙ ሁለቱ ሕፃናት ካሉበት እየሮጡ ይመጡ ነበር፤ እናታቸው አንዳንድ ፍሬ ሄል አፋቸው ላይ ጣል ያደርጉላቸው ነበርና። አባታቸው በሞቱ ዓመት፣ በቤቱ በየሙሐረሙ የሚደረገው የሐዘን ጉባኤ እንዳይቋረጥ እናታቸው ራሳቸው ሸጡት።

«ባኔ» ይላሉ አፓ፣ «ዓይኔን ከመክደኔ በፊት እጄን እሱ ላይ አሳርፍልኝ።»

«እናሳርፋለን አፓ።»

«‹እናሳርፋለን› አትበለኝ። ስንት ሆነህ ነው?»

ሚርዛ ባኔ በየቀኑ ያን ገጽ ያስሳሉ። ባዶ እጃቸውን መዋል ደብሯቸው የጀመሩት ነው ያ ሁሉ የዝሆን መፋቂያ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘይቱናዋ ሥር ተቀምጠን ሳለ ሚርዛ ባኔ ስልኩን እንደያዙ ደረቁ። ስክሪኑን አዞሩልኝ። ሁለት ዓሦች። ስርጉድ። ከሩቅ ከተማ የመጣ ሻጭ ያቀረበው፣ «አሮጌ የነሐስ ጎድጓዳ ዕቃ» ብሎ። ምን እንደሆነ እንኳ አላወቀም። ሊዘጋ ጥቂት ነው የቀረው፤ እስከዚያ ዋጋ የሰጠበት አንድ የሆቴል ዕቃ ገዢ ብቻ ነው፤ እሱም ትንሽ ነው የሰጠው።

ሚርዛ ባኔ ከሱ የሚበልጥ ዋጋ ሰጡ። ወዲያው ከእሳቸው በላይ ሌላ ስም መጣ። ሐኪም ሚሳም።

«ሐኪም ሳሂብ!» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ስልኩ ፊት ኮፍያቸውን አስተካከሉ። ገጹ ላይ መልእክት መጻፊያ አለ፤ የሰጡትን ዋጋ ማንሳትም ይፈቅዳል። ምን እንደሚጽፉ ሳይ ጮኽኩ።

«ሚርዛ ሳሂብ፣ አብደዋል? የእናትዎ ሣጥን'ኮ ነው!»

«ቀስ በል ገጣሚው። ከሐኪም ሳሂብ ጋር በአደባባይ እንሻማ? ይውሰዱት። ነገ ቤታቸው ሄደን እንለምናቸዋለን።» ዋጋቸውን አነሡና ጻፉ፦ «ሐኪም ሳሂብ፣ እርስዎ ባሉበት እኛ ምን ቦታ አለን? የእርስዎ ነው።»

ሐኪም ሚሳም ደግሞ በመንደሩ ጫፍ ካለችው ሱቃቸው ሆነው የተጫረቱት ሣጥኑን አውቀውት፣ ገዝተው ለአፓ ሊያበረክቱ ነው። የሚርዛን ስም ሲያዩ በሐፍረት ሊሞቱ ደረሱ። «ኧረ ጌታዬ! እርስዎ መኖርዎን ሳላውቅ ደፈርኩ። ለቅቄያለሁ፤ ይውሰዱት» ብለው እሳቸውም ዋጋቸውን አነሡ።

«ምን ሲደረግ! እርስዎ!»

«በሞቴ፣ እርስዎ!»

«ይስጡ ዋጋ!» እያልኩ ክንዳቸውን ወዘወዝኩ። «ቆይ፣ ለትልቅ ሰው መልስ ሳንሰጥ?» አሉኝ። በአንድ ጣት «በእኛ ሞት» ብለው ጽፈው ሲጨርሱ ጨረታው ተዘጋ።

ሆቴሉ ወሰደው። ያቺ ትንሽ ዋጋ አሸነፈች።

በማግሥቱም፣ በሳልስቱም ለገዢው ጻፍን። ኋላ በትሕትና መለሰ፤ ዕቃው ቂጡ ተበስቶ፣ ክዳኑ ተነቅሎ፣ የእንግዳ ማረፊያ መብራት ተተክሎበታል። ፎቶም ላከልን። ከሥሩ «ያምራል» ብሎበታል።

ሐኪም ሚሳም እያለቀሱ መጡ። ሚርዛ ባኔ በሩ ድረስ ወጡ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው፣ «እርስዎ ይግቡ»፣ «እርስዎ አስቀድመው» እየተባባሉ ደፉ ላይ ቆሙ። ከውስጥ የአፓ ድምፅ መጣ፦ «እናንተ ሰዎች፣ ወይ ግቡ ወይ በሩን ዝጉት፤ ዝንቡ ጨረሰኝ!» በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የመረረ ሳቅ ስቄ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሚርዛ ባኔ ከዘይቱናዋ ሥር አልጠፉም። ነሐስ ቀጠቀጡ። ዓሦቹን ቀረጹ። ስርጉዱን በገዛ አውራ ጣታቸው ልክ አወጡ። ትንንሾቹን ኩባያዎች ለኖራው፣ ለሄሉ፣ ለቅርንፉዱ አንድ በአንድ ሠሩ። ከሁሉ የከበዳቸው ድምፁ ነበር። ማጠፊያው ውስጥ አሸዋ ጨመሩ፣ አወጡ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ከፈቱ፣ ዘጉ። «ገጣሚው፣ ጢርር ነው ጥርር?» ይሉኛል። «እኔ የት ሰምቼው!» እላለሁ። ምስክር ወረቀት የሌለው ብቸኛ ሥራቸው እሱ ነው።

ሚርዛ ባኔ «አገኘነው» ብለው አፓ ጭን ላይ ያስቀመጡት ዕለት እኔም ነበርኩ። አፓ ዓሦቹን ዳሰሱ። ስርጉዱ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ከዚያ ከፈቱት። ጢርር አለ።

አፓ ዘግተው ደግመው ከፈቱት። ሚርዛ ባኔ ትንፋሻቸውን ይዘዋል።

«እሱ ነው» አሉ አፓ። «እሱው ነው ባኔዬ። በል እንግዲህ ባዶውን አትስጠኝ፤ ቅጠል ገዝተህ ና።»

ሚርዛ ባኔ እንደ ልጅ እየሮጡ ወጡ። የእርምጃቸው ድምፅ ከመንደሩ ሲጠፋ፣ አፓ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ከቋጠሮው ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር አወጡ። የነሐስ ኩባያ ነች፤ ከመታሸት ብዛት የሳሳች፣ ቂጧ ላይ ሁለት የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ ዓሦች ያሉባት።

«ሣጥኑ የተሸጠ ቀን የሰረቅኳት ናት» አሉኝ። «የቅርንፉዷ። እማዬ አይታኛለች፤ ዝም አለችኝ። ባኔ አያውቅም።» የወንድማቸውን የቅርንፉድ ኩባያ አንሥተው የራሳቸውን በቦታዋ ሊያስገቡ ሞከሩ። አልገባም አለች። «አየህ? ቦታው ጠቧል። ድሮም ልኬት አያውቅም።» ፈገግ አሉ። «ሞረዱን ከመስኮቱ ላይ አምጣና አስፋልኝ። ቶሎ በል፣ ይመጣብሃል።»

ሞረድኩ። እንባዬ ነሐሱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ዓይነ ስውሯ ሴት ግን፣ «አታልቅስበት፣ ይዝጋል» አሉኝ። ኩባያዋ ግጥም ብላ ገባች። አፓም ሚርዛ ባኔ የሠሯትን ቋጠሮው ውስጥ አስገብተው የነጠላቸውን ጫፍ መልሰው ቋጠሩ።

ሙሐረም ሳይገባ አፓ ሞቱ። ያን ቀን ድምፄ ተመልሶ ነበር፤ ከየት እንደመጣ አላውቅም፦

«ይቅደሙ» ስትል ኖራ፣ ለሰው መንገድ ለቃ፣
ዛሬ ብቻ ቀድማን፣ ሄደች ተደብቃ።

አርባቸው በወጣ ማግሥት ሚርዛ ባኔ ሣጥኑን ታቅፈው ቤቴ መጡ። ደጄ ላይ «ይግቡ» ብላቸው ሳይከራከሩ ገቡ፤ ያኔ ነው የደነገጥኩት። ከፈቱትና ጣታቸውን የቅርንፉዱ ኩባያ ላይ አደረጉ።

«ይህችን እኛ አልሠራናትም።»

ሻይ ላፈላ ተነሣሁ።

«ሞረዱ የእኛ ነው፤ እጁ ግን የሰነፍ እጅ ነው።» ቀና ብለው አዩኝ። «አፓ ያውቁ ነበር ማለት ነው?»

«ከመጀመሪያው ጢርር ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን ‹እሱ ነው› አሉኝ?»

«የላክናው ሴት አይደሉ እንዴ ሚርዛ ሳሂብ» አልኳቸው። «ለቀቁልዎ።»

ክቡርነታቸው ሣጥኑን ዘጉት። ከዚያ መደርደሪያዬ ላይ ያለችውን የሽቶ ጠርሙስ አመለከቱኝና አቀበልኳቸው። ቡሹን ነቅለው ወደ አፋቸው አስጠጉ፤ በሰው ፊት፣ በእኔ ፊት፣ አንዳች ሳይውጡ ተነፈሱ። መልሰው ወተፉት። አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው መስመሩን አበሱ።

«የነዋቡን ተወው» አሉኝ፣ ጠርሙሱን እየመለሱልኝ። «ይኼኛው የእኔ ነው።»