የወይዘሮ አጸደ ጣራ

በጣራ የሚያስቀና ጎረቤት ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ናዝሬት ባቡር ጣቢያው አጠገብ የነበረችው የሣር ክዳን ቤቴ ቀዝቃዛ ስለነበረች፣ ቀትር ላይ ሰፈሩ ሁሉ እኔ ዘንድ ይሰበሰብ ነበር። ጎረቤቴ ወይዘሮ አጸደ ቤቷን ቆርቆሮ ስታስመታ ግን እኔም ሣሩን አስነቅዬ ቆርቆሮ አስመታሁ። ከእሷ ላንስ ነው እንዴ? ሁለታችንም እኩል ተቀቀልን፤ እኔ ለእኩልነቱ ደስ ብሎኝ ነበር።

ወዲያው እሷ ከሻይ ሣጥን የሚወጣውን የሚያብረቀርቅ ወረቀት ሰብስባ፣ ከቆርቆሮው ዝቅ አድርጋ፣ ነፋስ መተላለፊያ ትታ ወጠረችው። ሙቀቱን ወደ መጣበት ይመልሳል አሉ። እኔስ መች እተኛለሁ? ያንኑ ወረቀት አስመጥቼ ከውስጥ በኩል ቆርቆሮው ላይ ለጠፍኩት፤ እንዳይወድቅም በላዩ ጭቃ አስመረግሁበት። ያ ሁሉ ብልጭታ ጭቃ ለበሰ፤ ቤቴም እንደ ምድጃ ጋለ።

ባለቤቴ «እስቲ የእሷን አሠራር ልይ» ብሎ ሄደ። ሲቆይብኝ ተከትዬው ብሄድ፣ በአጸደ ቤት መደብ ላይ ጋቢ ተከናንቦ ተኝቷል።

«እትዬ፣ ቀስ ይበሉ፤ ይነቃሉ» አለችኝ አጸደ።

«በዚህ ሐሩር ጋቢ ምን ያደርግለታል?»

«ውይ፣ እዚህ እኮ ይበርዳል!»

ተናድጄ ጋቢውን ከላዩ ገፈፍኩት። ከዚያ፣ ምን ላድርግ፣ ራሴ ለበስኩት።